መልቀቂያ ከመጻፋችሁ በፊት
(በባሕር ዳር ለካንሰር ታማሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ? እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሙስሊም ወገኖቼ፣ አሰላሙ አለይኩም። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ከፊት ወንበር አለ፣ ኑ ግቡ። አይዟችሁ፣ ጥያቄ የምጠይቅ መምህር አይደለሁም። ሕክምና ላይ ያላችሁ ደግሞ ሲደክማችሁ ተነስታችሁ ውጡ፣ ንፋስ ውሰዱ፣ ተመለሱ። ማንም አይቀየማችሁም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ጠበቃም አይደለሁም። ዕድሜዬን የጨረስኩት ሠራተኛ ፋይል ውስጥ ነው። የሰው ኃይል አስተዳደር ይባል ነበር፤ ስሙን ሲቀያይሩት እኔ እዚያው ነበርኩ። ቅጥር፣ ዝውውር፣ የሕመም ፈቃድ፣ ጡረታ። አቧራውን እኔ ነኝ የጠጣሁት። ስለዚህ ዛሬ ስለ መድኃኒት አልናገርም። ስለ እንጀራ ነው የምናገረው። ሰው ካንሰር ሲገኝበት ደመወዙ ምን ይሆናል? መሥራት ሲያቅተው ማን ይከፍለዋል? ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አይነግረንም። ሐኪሙ ጊዜ የለውም፣ አለቃው ደስ አይለውም፣ ዘመድ ደግሞ ማልቀስ ይቀድመዋል።

ሦስት ነገር ነው የምለው። አንደኛው፣ ሥራ አትልቀቁ። ሁለተኛው፣ ስለ ሕክምና ቦርድ። ሦስተኛው፣ አሠሪ ስለሌለው ሰው። ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ሰው የሚወድቀው እዚያ ስለሆነ።

አንደኛውን እንጀምር።

ቢሮ ሳለሁ አንዲት ሠራተኛ ጠዋት በሩን አንኳኩታ ገባች። ወረቀት አስቀመጠችልኝ። የሥራ መልቀቂያ ነው። በእጅ ጽሑፍ፣ አጭር፣ "በግል ችግር ምክንያት" ይላል። ምን ሆንሽ እህቴ ብላት ዝም። ቁጭ በይ አልኳት፣ ቡና አስመጣሁ። በኋላ ነገረችኝ። ጡቷ ላይ ተገኝቶባታል። ቀዶ ሕክምና አለ፣ ከዚያ ኬሞ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት አለ። "እየቀረሁ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ ከማበላሽ በክብር ልውጣ" አለች። 18 ዓመት ያገለገለች ሴት!

ደብዳቤውን ወደ መዝገብ ቤት አልመራሁትም። መሳቢያዬ ውስጥ ከተትኩት። "ሂጂ፣ ከባለቤትሽ ጋር ተመካከሪና ነይ" አልኳት። ደንቡ እንዲህ አይልም፣ አውቃለሁ። ግን ያ ወረቀት ማኅተም አርፎበት ቢሆን ኖሮ 18 ዓመቷ አብሮ ይዘጋ ነበር። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሰውና በጤና ጉድለት የተሰናበተ ሰው በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። ስሙኝ፣ ይህን ልድገመው። በገዛ ፈቃዱ የለቀቀና በጤና ጉድለት የተሰናበተ አንድ አይደሉም! ኋላ እመጣበታለሁ።

ታዲያ ካልለቀቅን ምን እናድርግ? የሕመም ፈቃድ አለላችሁ። በግል ድርጅት የምትሠሩ፣ ፋብሪካም፣ ሆቴልም፣ የአበባ እርሻም፣ ባንክም፣ የእናንተ ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ቢታመም፣ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው። በአንድ ጊዜም ይሁን እየተቆራረጠ። የመጀመሪያው አንድ ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ ደመወዝ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ።

እስቲ በብር እናስበው። ደመወዟ 9,000 ብር የሆነች ሴት በመጀመሪያው ወር 9,000 ታገኛለች። በሁለተኛውና በሦስተኛው 4,500፣ 4,500። ከዚያ በኋላ ምንም። ኬሞ በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ዙር ቢታዘዝላት 18 ሳምንት ነው። ከአራት ወር በላይ ማለት ነው። ገንዘቡ ከሕክምናው ቀድሞ ያልቃል። ይህን የምነግራችሁ ላስደነግጣችሁ አይደለም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራችሁ እንድታስቡበት ነው። ከባልና ሚስት አንዱ ደሞዝተኛ ከሆነ፣ ግማሽ ደመወዙ ሲጀምር የቤት ኪራዩን ከማን ጋር እንደምትነጋገሩ አሁን ተነጋገሩ።

"እኔ የጽሑፍ ውል የለኝም" የምትሉ አላችሁ? እጃችሁን አታውጡ፣ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የሥራ ውል በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ሁኔታ በጽሑፍ መስጠት አለበት። የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ የባንክ ደብተር፣ የፈረቃ ሰሌዳ፣ ባጅ፣ ሁሉም ምስክር ነው።

ሁለት ግዴታ ደግሞ አለባችሁ። ሲቀሩ በማግስቱ ማሳወቅ፣ አንድ። ከታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ማምጣት፣ ሁለት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር፣ እንዳትቀየሙኝ። እኛ አገር ሰው ሲታመም ጠበል ይሄዳል። ይሂድ! እኔም ሄጃለሁ። ግን ጠበል ሦስት ሳምንት የተቀመጠ ሰው የሐኪም ወረቀት ከሌለው፣ ፋይሉ ላይ የሚጻፈው "ያለ ፈቃድ የቀረ" ተብሎ ነው። እምነታችሁን የሚነካ አይደለም፤ ፋይል እምነት አያውቅም። መጀመሪያ ሐኪም ቤት ገብታችሁ የሕመም ፈቃድ ወረቀቱን ተቀበሉ፣ ለመሥሪያ ቤት አስገቡ፣ ከዚያ ጠበላችሁን ጠጡ።

ደግሞ በሽታው እንዳይታወቅባቸው ብለው የዓመት ፈቃዳቸውን ለሕክምና የሚጨርሱ አሉ። ለምን? የዓመት ፈቃድ የዕረፍት ነው። የዓመት ፈቃድ ላይ እያለ የታመመ ሠራተኛ እንኳ የሕመም ፈቃድ መብቱ አይቀርበትም። መደበቁ ይገባኛል። ሐሜቱን፣ "ይዛመታል" የሚለውን ወሬ፣ ሳህን የሚለዩትን ሰዎች አውቃለሁ። ግን መሥሪያ ቤት የማያውቀው በሽታ በሕግ ያልነበረ በሽታ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ የሆናችሁ፣ መምህራን፣ ነርሶች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ የራሳችሁ የሲቪል ሰርቪስ ሕግ አላችሁ። የወራቱ ስሌት የተለየ ነው። የሰው ሀብት ክፍል ገብታችሁ አንቀጹን አሳዩኝ በሉ። "በቃል ንገረኝ" ሳይሆን "አሳየኝ"!

እሺ። ወደ ሁለተኛው።

የሕመም ፈቃዱ ሲያልቅ ሰውየው ድኖ ከተመለሰ፣ ተመስገን ነው። ካልቻለስ? እዚህ ላይ ነው የጤና ጉድለት ጡረታ የሚመጣው። ብዙ ሰው ጡረታ ሲባል 60 ዓመት የሞላው ሽማግሌ ነው የሚታየው። አይደለም። የ38 ዓመት ሰውም ጡረተኛ ሊሆን ይችላል።

የጡረታ አዋጆቹ ሁለት ናቸው። ለመንግሥት ሠራተኛ 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ 1268/2014። ከእነሱ በፊት የ2003ቱ 714 እና 715 ነበሩ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ ውስጥ የገባው በዚያው በ2003 ነው። በየወሩ ከደመወዛችሁ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው ከኪሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ይህን ገንዘብ ስጦታ አድርጋችሁ አትዩት። የራሳችሁ ነው። ስትጠይቁም አንገታችሁን አትድፉ።

ማን ያገኛል? ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገለና በጤና ጉድለት ምክንያት ከሥራ የተሰናበተ፣ ዕድሜ ልኩን አበል ያገኛል። ከ10 ዓመት በታች ያገለገለ ደግሞ ዳረጎት ነው፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ። ስሌቱም ከባድ አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ትወስዳላችሁ። ለ10 ዓመቱ 30 በመቶ። ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ያቺ መልቀቂያዋን መሳቢያ ውስጥ የከተትኩባት ሴት 18 ዓመት ነበራት አልኩ። ለ10 ዓመቱ 30፣ ለ8ቱ ዓመት ደግሞ 10፤ ድምሩ 40 በመቶ። አማካይ ደመወዟ 8,000 ብር ቢሆን በወር 3,200 ማለት ነው። ይኖርበታል ወይ? አይኖርበትም። ጤፍ የት እንደደረሰ እናንተ ታውቃላችሁ። ግን በየወሩ የሚመጣ ነው፣ ዕድሜ ልክ ነው። እሷ ብታልፍ ደግሞ ለተተኪዎች ይተላለፋል፤ ለባል ወይም ለሚስት ግማሹ፣ ለልጆችም ድርሻ አለ። በዚያች አጭር መልቀቂያ ላይ ስንት ነገር ተንጠልጥሎ እንደነበር አያችሁ?

አሁን ወደ ከባዱ። ሰው የሚሳሳተው የት ነው? "ካንሰር አለብኝ፣ ስለዚህ ጡረታ ይገባኛል" ብሎ ያስባል። አይደለም! በሽታው ስላለባችሁ አይከፈላችሁም። የሚከፈላችሁ መሥራት ስለማትችሉ ነው። ሕጉ የሚጠይቀው ደመወዝ የሚያስገኝ ማንኛውንም ሥራ ለመሥራት የሚያስፈልገው ጤና እንደሌላችሁ ነው። "ማንኛውንም" የምትለዋን ያዙልኝ። የያዛችሁትን ሥራ ብቻ አይደለም የሚያየው።

የታናሽ ወንድሜን ታሪክ ልንገራችሁ። ከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ከመተማ እስከ ጅቡቲ ያልረገጠው መንገድ የለም። አንጀቱ ላይ ተገኘበት። ተቀደደ፣ ኬሞ ወሰደ። በኋላ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጽፎ ለሕክምና ቦርድ ላከው። ቦርድ ማለት ሐኪሞች ተቀምጠው ስለ እናንተ የመሥራት አቅም የሚወስኑበት ነው። ወንድሜ የያዘው ወረቀት ምን ይላል? የበሽታው ስም፣ የቀዶ ሕክምናው ቀን፣ "በክትትል ላይ ይገኛል"። አለቀ። ቦርዱ ምን አለ? ሾፌርነቱን ቢተው ቀላል ሥራ ይሥራ። ጥበቃ፣ መጋዘን፣ ቁጥጥር።

ቤት መጥቶ ጣራ ጣራውን ሲያይ ዋለ። "እጄ ሳህን አይዝም፣ እነሱ መጋዘን ያዝ ይሉኛል" አለ። እኔም፣ ይህን እጅህን ለሐኪሙ ነግረኸዋል ወይ? ብዬ ጠየቅሁት። አልነገረም። ወንድ ልጅ እንዲህ ነው። ሐኪም ፊት ሲቀርብ "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል። ሐኪሙም የሰማውን ይጽፋል። "ደህና ነኝ ይላል" ተብሎ ካርዱ ላይ ይሰፍራል! ያ ካርድ ነው ቦርዱ ጋ የሚሄደው።

ወገኖቼ፣ ምስጋናው ለፈጣሪ ይሁን። ለሐኪሙ ግን ዝርዝሩን ንገሩት። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች የእጅና የእግር ጣትን ያደነዝዛሉ። ቁልፍ መቆለፍ፣ እስክርቢቶ መያዝ፣ ደረጃ መውረድ ያስቸግራል። ይህ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለወራት፣ አንዳንዱ ላይ ለዓመታት ይቆያል። የጡት ቀዶ ሕክምና ያደረጉና የብብት ዕጢ የወጣላቸው እናቶች ክንዳቸው ሊያብጥ ይችላል፤ እንስራ ቀርቶ ዘንቢል ማንሳት ሊከብዳቸው ይችላል። ድካሙም አለ፣ እንቅልፍ የማያስለቅቀው ድካም። ሰው "ሰነፍ ሆነች" የሚላት እኮ ለዚህ ነው። ጨረር የወሰደ ሰው ሽንት ቤት በተደጋጋሚ ሊመላለስ ይችላል። ተረኛ ጥበቃ ሆኖ በሩን ጥሎ ይሂድ? ይህ ሁሉ ካርዱ ላይ ካልተጻፈ ቦርዱ ከየት ያመጣዋል?

ወንድሜ ወደ ሐኪሙ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሚስቱ አብራው ገባች። ሚስት አትዋሽም። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነሳ፣ ሸሚዙን ማን እንደሚቆልፍለት፣ ስንት ደቂቃ መቀመጥ እንደሚችል፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሐኪሙ በቅን ልቦና ጻፈው። ምን ማድረግ እንደማይችል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ይሻሻላል ተብሎ ይጠበቃል ወይ። ሁለተኛው ውሳኔ ሌላ ሆነ።

ልብ በሉ፣ ዋሹ አላልኩም። መሥራት የሚችል ይሥራ። ሥራ መድኃኒት የሚሆነው ሰው አለ፤ ቤት ሲቀመጥ የሚብስበት። እንዲህ ላለው ሰው ቀለል ያለ ሥራ ይሰጠኝ ብሎ መጠየቅም መብት ነው። አካል ጉዳት ያለበት ሠራተኛ የሥራ ሁኔታው እንዲመቻችለት የሚያዝ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 568/2000። ፈረቃ መቀየር፣ ከቁም ሥራ ወደ ተቀምጦ ሥራ መዛወር። በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀሪውን ያዙ።

ወረቀት ወረቀት አበዛሁባችሁ አይደል? ዓባይ ዳር ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ፤ አንድ ደንገል ሰው አያሻግርም፣ ተጠፍሮ ሲታሰር ነው ታንኳ የሚሆነው። የእናንተም ወረቀት እንደዚያ ነው። የፓቶሎጂው፣ ማለትም የናሙና ምርመራው ውጤት ብቻውን፣ የሪፈሩ ወረቀት ብቻውን፣ የሕመም ፈቃዱ ብቻውን አያሻግርም። አንድ ክላሰር ግዙ። በቀን ቅደም ተከተል አስገቡ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፣ ኮፒ ስጡ። ያስገባችሁበትን ቀንና የተቀባዩን ማኅተም በራሳችሁ ኮፒ ላይ አስመቱ። በስልካችሁም ፎቶ አንሱት። ከዚህ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ደግሞ እንደምታውቁት አንድ ቀን ክፍት ነው፣ አንድ ቀን ዝግ ነው። በአንዲት የተረሳች ወረቀት ሰው እንደገና ያን መንገድ መሄድ የለበትም።

ስማችሁንም እዩ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ "ገብረ ማርያም" በሁለት ቃል፣ መታወቂያ ላይ "ገብረማርያም" በአንድ ቃል። ወይም የትውልድ ዘመን ይለያያል። ጤነኛ እያላችሁ ያልተስተካከለ ስም፣ ታማችሁ ስትመጡ ወራት ያስቆጥራል። ፎርሙ ላይ ከዓመታት በፊት ያላገባችሁ ከነበራችሁ፣ ዛሬ ሚስትና ልጆች ካሏችሁ፣ ነገውኑ አሳድሱት።

በግል ድርጅት የምትሠሩ ሌላም አለላችሁ። የጡረታ መዋጮው በእርግጥ ገቢ እየተደረገ ነው ወይ? ከደመወዝ እየቆረጠ ገቢ የማያደርግ አሠሪ አጋጥሞኛል። ስሙን አልጠራም። የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ዘንድ ሄዳችሁ ታረጋግጣላችሁ። ይህን ለማድረግ እስክትታመሙ አትጠብቁ። ጡረታ የማይደርሰው ሠራተኛ ደግሞ፣ መሥራት አለመቻሉን ቦርድ ካረጋገጠለት የሥራ ስንብት ክፍያ መጠየቅ ይችላል። ቀን ግን ይቆጥርባችኋል። ያለ አግባብ ተባርሬያለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ክሱን በ3 ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ የሚጠይቅ በ6 ወር። የጡረታ ውሳኔ ላይ ቅሬታ ያለው ደግሞ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለለት። "ተከለከልክ" ሲባል በጽሑፍ ስጡኝ በሉ። በቃል የተከለከለ ነገር ይግባኝ የለውም።

ሦስተኛው። አሠሪ የሌለው።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ዓሣ አጥማጅ አለ። ከዘጌ ቡና የምትሸጥ እናት አለች። ባጃጅ የሚነዳ ልጅ አለ፣ ገበሬ አለ። እስካሁን ያወራሁት ሁሉ ለእናንተ የሌላ አገር ወሬ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እንደ ደሞዝተኛው በየወሩ የጡረታ መዋጮ የሚያስገባላችሁ አሠሪ የለም። ዕድራችን እንኳ ስንሞት ነው ድንኳን ይዞ የሚመጣው። ስንታመምስ? ይህን በየዕድራችሁ ስብሰባ አንሱት፤ ዕድሩ የታመመን አባል እንዲረዳ መተዳደሪያ ደንቡን መቀየር ብቻ ይበቃል።

ያለው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። የሙከራ ሥራው በ2003 ሲጀመር ክልላችን አንዱ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ በቤተሰብ ትከፍላላችሁ። መክፈል የማይችለውን ቀበሌው ለይቶ መንግሥት ይከፍልለታል። ገንዘብ እጃችሁ ላይ አይሰጥም፤ የሕክምናውን ወጪ ነው የሚሸፍነው። የሚታደሰው በየዓመቱ ነው፣ ጤነኛ ነኝ ብላችሁ አትዝለሉት። "ዘንድሮ አልታመምኩም፣ ገንዘቤ ከሰረ" የሚል ሰው እሰማለሁ። እንግዲህ ለመክሰር ያብቃህ ነው የሚባለው!

ደንቡን ግን እወቁ። ከጤና ጣቢያ ነው የሚጀመረው። ጤና ጣቢያው ሪፈር ይጽፋል፣ ከዚያ ሆስፒታል። ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጣች አንዲት እናት አውቃለሁ። ደም እየፈሰሳት ነው፣ ቸኩላለች፣ ልጇ በቀጥታ ትልቁ ሆስፒታል አስገባት። መድኑ አለ፣ መታወቂያው አለ፣ ሪፈሩ የለም። ከኪሳቸው ከፈሉ። በጉን ሸጠው። ልጁ ምን ያድርግ? የነገረው የለም። ስለዚህ እናንተ ለጎረቤት ንገሩ። ፈለገ ሕይወትም ሂዱ ጥበበ ግዮን፣ ሪፈሩን ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያም ወደ ሌላ ከተማ ለጨረር ከተላካችሁ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት የመድን ክፍሉን "ይህን ይሸፍናል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። ድሮ በአገሪቱ ጨረር የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ሰው እዚያ ወረፋ ሲጠብቅ ለመኝታና ለምግብ የሚያወጣው ከሕክምናው ይበልጥ ነበር። የመኝታውን ማንም መድን አይከፍላችሁም፣ ዘመድ ፈልጉ።

በጣም ለተቸገረ ደግሞ፣ የከተማ ሴፍቲኔት ባለበት፣ ሥራ መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ የሚባል አለ። እዚያም ቢሆን የሐኪም ማስረጃው ነው የሚያስገባችሁ። ቀበሌ ሄዳችሁ ምልመላው መቼ እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን ጥያቄ ተጽፎ መጥቶልኛል። "አሜሪካ ያለች እህቴ ካንሰር ተገኘባት። እዚያ መንግሥት ወዲያው ይከፍላል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ? ለእኛ ብር መላክ አቁማለች፣ ደብቃን ነው?" ይላል። ኧረ አልደበቀቻችሁም ወንድሜ!

የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ በዚሁ መንገድ አልፋለች፣ ስለዚህ ትንሽ አውቃለሁ። እዚያ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባል መሥሪያ ቤት አለ። ሠርተው ግብር ለከፈሉ የአካል ጉዳት አበል ይሰጣል። በቂ የሥራ ዘመን ያስፈልጋል፤ በአብዛኛው ካለፉት 10 ዓመታት 5ቱን የሠራ ሰው ነው የሚፈለገው፣ ለወጣቶች ያንሳል። እዚያም የበሽታው ስም ብቻውን አይከፍልም። ሕመሙ ቢያንስ 12 ወር ከሥራ የሚያግድ ወይም ለሞት የሚያበቃ መሆን አለበት። ከፊል ጉዳት ብሎ ክፍያ የለም። የድሮ ሥራዋን ብቻ ሳይሆን ሌላ ሥራ መሥራት ትችል እንደሆነም ያያሉ። ዕድሜዋን፣ ትምህርቷን ይመዝናሉ። የኛ ቦርድ ለወንድሜ "መጋዘን ያዝ" እንዳለው ነው።

አንዳንድ ከባድ ካንሰሮች፣ ለምሳሌ የቆሽት ካንሰር ወይም ተሰራጭቶ በቀዶ ሕክምና የማይወጣ፣ ውሳኔያቸው እንዲፋጠን ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልዩ ዝርዝር አላቸው። ማመልከቻው ቶሎ ይታያል። ገንዘቡ ግን አምስት ሙሉ ወር ይጠበቅበታል፤ ክፍያው የሚጀምረው ከስድስተኛው ወር ነው። ሜዲኬር የሚባለው የሕክምና መድን ደግሞ አበሉ ከጀመረ 24 ወር በኋላ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያ ይከለከላሉ፤ በ60 ቀን ውስጥ ይግባኝ ይባላል። ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሌላ ድጎማ አለ፣ እሱም የራሱ መስፈርት አለው። ስለዚህ እህትህ በእነዚያ አምስት ወራት ውስጥ ኪራይ እየከፈለች፣ ሒሳብ እየመጣባት፣ ያለ ደመወዝ ናት። ደውልላት። ብር አትጠይቃት፣ እንዴት አደርሽ በላት። በዚህ ወር ብሩ ከዚህ ወደዚያ ቢሄድ ያምር ነበር፣ ምንዛሬው ባይገድለን።

ሌላ ጥያቄ፣ "መልቀቂያ አስገብቼ ነበር፣ አሁን ምን ላድርግ?" ይላል። ስም የለውም፣ ጥሩ ነው። የማስጠንቀቂያው ጊዜ ካላለቀና ካልተሰናበትክ ነገውኑ ጠዋት በጽሑፍ "ደብዳቤዬን አንስቻለሁ፣ ታምሜያለሁ፣ የሕክምና ማስረጃዬን አያይዣለሁ" ብለህ አስገባ። ይቀበሉሃል ብዬ ቃል አልገባልህም። ያልተጠየቀ ግን አይፈቀድም። ተሰናብተህ ከሆነ ደግሞ፣ በለቀቅህበት ቀን ታመህ እንደነበር የሚያሳየውን የምርመራ ውጤት ይዘህ የሕግ ምክር ፈልግ። ዩኒቨርሲቲያችን የሕግ ትምህርት ቤት አለው፤ ነፃ የሕግ ድጋፍ ለማግኘት እዚያ ጠይቅ።

ጊዜዬን ጨርሻለሁ፣ ሰብሳቢያችን በዓይናቸው እየነገሩኝ ነው። ክላሰር፣ ፌስታል፣ ቦርሳ፣ በምንም ይዛችሁት ቢሆን ወረቀት ያመጣችሁ ሰዎች አላችሁ። በግራ በኩል ጠረጴዛ አለ፣ እዚያ እቀመጣለሁ። ኬሞ ላይ ያላችሁ ቅድሚያ ትገባላችሁ፣ ሌሎቻችን ሻይ እየጠጣን እንጠብቃለን። ዋናውን እንዳትሰጡኝ፣ ኮፒውን ነው የማየው።